ሄድፎኑን አውልቁት

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ?

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ኮሌጅ ገብታችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፒያኖ ፊት ለተቀመጣችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ ሙዚቃ ልታጠኑ ነው የገባችሁት። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ነርሲንግ ወይም አካውንቲንግ እየተማራችሁ ሁለት ክሬዲት ጎደላችሁና «እስቲ ልሞክረው» ብላችሁ ተመዘገባችሁ። ሁለታችሁንም አውቃችኋለሁ። እኔም አሜሪካ ኮሌጅ ገብቼ ይህንኑ ክፍል ተምሬያለሁ። ከዚያ ከ20 ዓመት በላይ አስተማርኩት። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ።

ክፍሉን ላላያችሁት ልንገራችሁ። እዚህ አሜሪካ «ክላስ ፒያኖ» ይሉታል። 12 ወይም 16 የኤሌክትሪክ ፒያኖዎች በረድፍ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ላይ አንድ ተማሪ ሄድፎን አድርጎ ተቀምጧል። በሩን ከፍቶ የገባ እንግዳ ሙዚቃ የሚባል ነገር አይሰማም። የሚሰማው ጣት ቁልፉን ሲመታ የሚወጣው ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው። 16 ሰው በአንድ ጊዜ እየተጫወተ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን በጣም ገርሞኝ ነበር።

ያ ጸጥታ ጥቅም አለው። ሁሉም በየአቅሙ ይለማመዳል፣ ማንም ማንንም አይረብሽም። ግን መደበቂያም ይሆናል። በእኔ የደረሰውን ላውራችሁ።

ኮሌጅ የገባሁት 26 ዓመቴ ላይ ነው። ማታ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ፣ ቀን እማራለሁ። ስለ ሙዚቃ የማውቀው ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁትን ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን በቀበሌ ኪነት ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ያስተማረኝ እሱ ነው። የአኮርዲዮኑ የቀኝ እጅ ቁልፎች ልክ እንደ ፒያኖ ናቸው። ስለዚህ የትኛው ድምፅ የት እንዳለ አውቅ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን መምህሯ «የቀኝ አውራ ጣታችሁን ሲ ላይ አድርጉ» አለች። አደረግኩ። እኔ የማውቀው ሲ ግን ሰባተኛውን ነው፤ ወደ ዶ ሊገባ አንድ የቀረውን። አሜሪካኖች ድምፆቹን የሚጠሩት በፊደላቸው ነው። የእነሱ «ሲ» የእኛ ዶ ነው። የእኛን ሲ እነሱ «ቢ» ይሉታል። አንድ ቁልፍ ወደ ግራ ሄጄ ተቀመጥኩ ማለት ነው።

መጽሐፉን ገና አልገዛሁም ነበር፤ ዋጋው የሁለት ሌሊት ደሞዜ ነው። የምጫወተው ሁሉ ጣዕም የለውም። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። ሄድፎን ስላደረግኩ ማንም አይሰማኝም። መምህሯ ከፊቷ ባለው መቆጣጠሪያ በሄድፎኑ መስመር ገብታ ማዳመጥ ትችላለች፤ ስትገባ ግን ትንሽ ቀጭ የምትል ድምፅ አለች። ያቺን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳና ወረቀት የማነብ እመስላለሁ። አፍሬ ነው። ከእኔ በቀር ሁሉም የገባው መስሎኝ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈ።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሁለት ሆነን እንድንጫወት አደረገችን። ከጎኔ የነበረው ትራምፔት የሚያጠና ልጅ ነው። አራት ድምፅ እንደተጫወትን ቆመ። ቀኝ እጄን በሁለት ጣቱ ያዘና አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ወሰደው። «ከመጀመሪያው» አለኝ፣ ሌላ ምንም አልተናገረም። ተጫወትነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የከበደኝ ነገር በአንድ ሰከንድ አለቀ።

ልጆች፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መሳሳቴ አይደለም። ስሕተቱ የቋንቋ ነው፣ ማንንም ያጋጥማል። የሚቆጨኝ መደበቄ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሰማኝ ሰው ቢኖር በመጀመሪያው ቀን ይታረም ነበር። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክራችሁ ይህንን ነው። ገና ሳትችሉ ተሰሙ። መምህሩ በመስመር ሲገባ እጃችሁን አታንሱ። ይልቅ ያቃታችሁን ቦታ ደጋግማችሁ ተጫወቱለት። የቻላችሁትን ማሰማት ለእሱ ምንም አይጠቅመውም፤ ለእናንተም።

ብዙ ሰው ፒያኖን የብቻ ትምህርት አድርጎ ነው የሚያየው። አንድ ልጅ፣ አንድ አስተማሪ፣ አንድ ሳሎን። የጋራ ክፍሉን ገንዘብ ያጣ ሰው የሚሄድበት አድርገው የሚያወሩ ወላጆች ገጥመውኛል። አልስማማም። ካደገ በኋላ ለሚጀምር ሰው፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት፣ የጋራውን ክፍል እመርጥለታለሁ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ብቻውን የሚለማመድ ሰው ሲሳሳት ይቆማል። ይመለሳል፣ ያስተካክላል፣ ይቀጥላል። ነገም እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ቀስ በቀስ ጣቱ ኖታውን ብቻ ሳይሆን መቆሙንም አብሮ ያጠናዋል። ከሌላ ሰው ጋር ሲጫወት ግን መቆም አይቻልም። ጓደኛው እየሄደ ነዋ። ያመለጠው አምልጦት፣ የሚቀጥለው ምት ላይ መግባት አለበት። ማኅሌት ሲቆም ያያችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። በወረቡ መሐል አንዱ እግሩ ቢስት ከበሮው አይጠብቀውም። ዐይኑን ወደ ጓደኞቹ ያደርጋል። ጸናጽሉ ሲነሣ ያነሣል፣ ሲወርድ ያወርዳል። በቃ፣ ገባ።

ይህ ችሎታ ብቻችሁን ስትሆኑ አይመጣም። ለዚህ ነው መምህሩ ከፊቱ ባለው መቆጣጠሪያ ሁለት ተማሪዎችን የሚያገናኘው። ሄድፎናችሁ ውስጥ ድንገት የሌላ ሰው ፒያኖ ይሰማችኋል። አንዳንድ ጊዜ አራት ሆናችሁ አንዱ ዜማውን፣ አንዱ ባሱን፣ ሁለቱ መሐሉን ትይዛላችሁ። እነዚያን ደቂቃዎች አታባክኗቸው። ከሁሉ የበለጠ የምትማሩት ያኔ ነው።

ኖታ ስታነቡም እንዲሁ ነው። ዐይናችሁ ከእጃችሁ አንድ ምት ቀድሞ ይሂድ። እጃችሁን እያያችሁ ወደ ወረቀቱ ከተመለሳችሁ ቦታው ይጠፋችኋል። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ነው የተሠሩት። ጣታችሁ ሁለቱን ከዳሰሰ ዶ ከእነሱ በስተግራ ነው። ዐይን አያስፈልገውም። ዐይነ ስውር ተማሪ አስተምሬ ነበር፤ ከክፍሉ ሁሉ ፈጥኖ ቦታ የሚያገኘው እሱ ነበር።

አሁን ወደ እጅ ሥራው ልግባ። ጥፍር ይቆረጥ። የረዘመ ጥፍር ጣቱን ዘርግቶ እንዲጫወት ያስገድደዋል፣ ያኔ ጉልበት የለውም። ወንበሩን አስተካክሉ፤ ክርናችሁ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ይሁን። ቁሙና እጃችሁን ወደ ጎን ዝም ብላችሁ ልቀቁት። ጣቶቻችሁ በራሳቸው ጎበጥ ይላሉ። ያን ቅርፅ እንደያዘ ቁልፉ ላይ አስቀምጡት። የእጅ አንጓ ካመማችሁ አቁሙ። «ሲለምድ ይተወኛል» አይባልም።

ጣቶች ቁጥር አላቸው። አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5፣ በሁለቱም እጅ። ከዚያ ስኬል ይመጣል፤ ድምፆቹን ከዶ እስከ ዶ በተራ መውጣትና መውረድ ነው። ብዙ ተማሪ ስኬልን ይጠላል። እኔ ግን ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ብዙው ነገር እዚህ ነው ያለው። ስምንት ድምፅ አለ፣ ጣት ግን አምስት ነው። የፒያኖ ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከዶ ተነሥታችሁ ስትወጡ ቀኝ እጅ 1 2 3 ይልና አውራ ጣት ከሥር ሾልካ ፋ ላይ ትገባለች። ከዚያ 1 2 3 4 5 ብሎ ይጨርሳል። ግራ እጅ ግን 5 4 3 2 1 ይልና ሦስተኛው ጣት ከላይ ተሻግሮ 3 2 1 ይላል። አያችሁ? ሁለቱ እጆች የሚሻገሩት በተለያየ ጊዜ ነው። ጀማሪን የሚያስለቅሰው ይህ ነው። እና እኔ በዚያ አልጀምርም ነበር። ሁለቱ አውራ ጣቶች መሐል ዶ ላይ ይገናኙ። ከዚያ ቀኙ ወደ ቀኝ፣ ግራው ወደ ግራ ይሂድ። ያኔ ሁለቱም እጆች በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ጣት ነው የሚያነሡት። 1 2 3፣ 1 2 3 4 5። ባለጌ የሚመስለው ግራ እጅ ቀኙን እያየ ይታረማል። በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚይዙት ተማሪዎች ብዙ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ አንድ አቅጣጫ ስትሞክሩ አንድ ምልክት ያዙ። ሁለቱ ሦስተኛ ጣቶች ሚ ላይና ላ ላይ ይገናኛሉ። ሌላው ሁሉ ቢጠፋችሁ እነዚያን ሁለት ቦታዎች ጠብቁ። እዚያ ከተገናኙ መንገዱ ልክ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ አጭር ነው የምናገረው። ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉ፣ በአንድ ምት አንድ ድምፅ። ከተሳሳታችሁ 50። አሁንም ከተሳሳታችሁ 40። ሳትቆሙ የምትጨርሱበት ፍጥነት ነው የእናንተ ፍጥነት። አያሳፍርም። ጎረቤታችሁ 100 ላይ ቢሆን ልጅነቱን በፒያኖ ያሳለፈ ሊሆን ይችላል፤ አታውቁም።

በየቀኑ 20 ደቂቃ እሑድ ቀን ከሚሠራ ሦስት ሰዓት ይበልጣል። ይህን ሁሉም መምህር ይላል፣ ማንም ተማሪ አያምንም። እኔ ጊዜም ፒያኖም አልነበረኝም። ካርቶን ላይ ሁለት ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ አንድ ኦክታቭ ነው) በእስክሪብቶ ሣልኩና ፓርኪንጉ ዳስ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። መኪና እስኪመጣ ጣት አሻግራለሁ። ድምፅ የለውም፤ ግን ጣት መንገዱን ያውቃል። ጠዋት ክፍል ስገባ ግማሹ ሥራ አልቆ ነው።

መሣሪያ ለመግዛት የምታስቡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። እውነተኛው ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፣ 52 ነጭና 36 ጥቁር። ቁልፉን ስትጫኑት መዶሻ ተነሥቶ ክሩን ይመታል። ቀስ ካላችሁ ቀስ ይላል፣ ከጠነከራችሁ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ ፍሎረንስ ላይ ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ የሠራው አዲስ ነገር ይኸው ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ሃርፕሲኮርድ ክሩን የሚነጥቅ ስለሆነ በጣት አጫጫን ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ፒያኖፎርቴ የሚለው ስም ራሱ «ቀስና ጠንከር» ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፉ እንደ ላባ የቀለለ፣ ብትነኩትም ብትመቱትም አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጥ ኪቦርድ ጣታችሁን አያስተምረውም። ክብደት ያለው ቁልፍ ፈልጉ። ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለም። ገንዘቡ ከሌለ ኮሌጃችሁ የመለማመጃ ክፍሎች ካሉት እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆኑ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ማታ ባዶ ናቸው።

ወደ ኮርድ ስትደርሱ ደስታው ይጀምራል። ዶ፣ ሚ፣ ሶልን አንድ ላይ ተጫኑ። ቀጥሎ ዶን ሳትለቁ ሚ ወደ ፋ፣ ሶል ወደ ላ ይውጡ። ቀጥሎ ፋ ባለበት ይቆይ፣ ዶ ወደ ሲ፣ ላ ወደ ሶል ይውረዱ። ከዚያ ወደ ቤት፣ ዶ ሚ ሶል። እጃችሁ ከቦታው አልተነሣም። በእነዚህ ሦስት ኮርዶች የልደት መዝሙሩንም፣ ብዙ የልጆች ዜማዎችንም ማጀብ ትችላላችሁ። ያን ቀን ተማሪዎች ክፍሉ ካለቀ በኋላም አይነሡም።

የሐበሻ ልጆች ግን እዚህ ላይ አንድ ችግር ይገጥማችኋል። በየዓመቱ አየው ነበር። ልጁ ቤቱ ሄዶ እናቱ የምታንጎራጉረውን የትዝታ ዜማ ይሞክራል። ሦስቱን ኮርዶች ከሥሩ ያስገባል። ያ ዜማ የእናቱ መሆኑ ይቀራል። ጆሮው እንዳልሆነ ይነግረዋል፣ ምክንያቱን ግን አያውቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፤ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ፋ እና ሲ የሉበትም። ሦስተኛው ኮርድ ውስጥ ግን ሁለቱም አሉ። በአምስቱ ድምፆች ብቻ የሚሠሩ ሙሉ ባለሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ ዶ ሚ ሶል እና ላ ዶ ሚ። ግራ እጃችሁ በእነዚህ ሁለት መካከል ይመላለስ። ወይም ዶና ሶልን ብቻ ይያዝ። ዜማው ወዲያው ወደ ራሱ ይመለሳል።

ሌላም ላሳያችሁ። ሦስት ሆነው ከተሠሩት ጥቁሮች ውስጥ በግራ ጫፍ ካለው ጀምሩና ጥቁሮቹን ብቻ ወደ ቀኝ ንኩ። አምስት ድምፅ ትዝታ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ያሳየኋት ልጅ፣ እዚሁ የተወለደች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። አባቷ በመኪና ውስጥ የሚያዳምጠው ነገር ጣቷ ሥር ነበር። በእርግጥ ፒያኖ ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ነው የሚከፍለው። ክራርና ማሲንቆ በጆሮ ነው የሚቃኙት፣ ልክ አይገጥሙም። ይህን እወቁት፤ ግን ከመጫወት አይከልክላችሁ።

«ዘግይቼ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። 19 ዓመቷ ሆኖ ይህን የምትጠይቀኝ ልጅ አለች። ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ክራር እየተጫወተ ነው ያደገው። ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ሄዶ ተማረ፣ የኮንሰርት ፒያኒስት ሆነ። ሁላችሁም ኮንሰርት ትሰጣላችሁ አልልም። ለአብዛኞቻችሁ የምመኘው ሌላ ነው፤ ለልጃችሁ ዜማ ማጀብ፣ አዲስ መዝሙር ከወረቀት ማንበብ፣ ደክሟችሁ ከሥራ ስትመለሱ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ። ለዚህ ማንም አልዘገየም።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ሰምተው «እኔም እንደሳቸው ምት ሳልቆጥር ልጫወት» የሚሉኝም ነበሩ። እማሆይን እወዳቸዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ አልቅሻለሁ። ግን እሳቸው በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፣ ኋላም ካይሮ ሄደው ሙዚቃ አጥንተዋል። ያ ምት የሌለው የሚመስለው አካሄድ ምቱን ጠንቅቆ ከሚያውቅ እጅ የመጣ ይመስለኛል። መጀመሪያ ቁጠሩ።

ሙዚቃ ለምታጠኑት ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ዘፋኝ ሁኑ፣ ትራምፔት ተጫወቱ፣ በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የፒያኖ ፈተና ሳታልፉ ዲግሪ አትይዙም። ስኬል፣ ኮርድ፣ በማየት ማንበብ፣ አንድን ዜማ ከሌላ መነሻ ድምፅ መጫወት ይጠየቃል። ድምፅዋ ልብ የሚሰብር ተማሪ ነበረችኝ። ፒያኖውን «በኋላ፣ በኋላ» እያለች ወደ መጨረሻው ዓመት ገፋችው። ከምረቃ ሪሲታሏ፣ ለመመረቅ ከምታቀርበው ኮንሰርት ጋር ተደራረበባት። እኩለ ሌሊት ላይ መለማመጃ ክፍል ውስጥ እያለቀሰች አገኘኋት። አለፈች፤ ግን እንዲያ መሆን አልነበረበትም። በመጀመሪያው ዓመት ጨርሱት።

በየሴሚስተሩ የመጨረሻ ሳምንት አንድ ነገር አደርግ ነበር። ሄድፎኑን ሁሉ አስወልቅና ድምፁን እከፍታለሁ። ክፍሉ ከ14 ሳምንት ጸጥታ በኋላ ድምፅ ይሰማበታል። ሁለት ሁለት ሆነው ይጫወታሉ፣ ሌላው ያዳምጣል። አንዱን ዓመት፣ ነርሲንግ የምታጠና አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ተራዋ ሲደርስ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በአራተኛው ባር (አራት አራት ምት ሲቆጠር አራተኛው ዙር) ላይ ቦታው ጠፋባትና ሁለቱንም እጆቿን አነሣች። ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ወደ እሷ አልዞረም። ግራ እጁን ሳያቆም፣ እነዚያኑ ሁለት ኮርዶች እየመላለሰ፣ በአፉ ቀስ ብሎ ይቆጥር ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ክፍሉ ሁሉ አብሮት ቆጠረ። በሰባተኛው ባር ላይ ገባች።